በወርቅ የተቀባ ወንበር ሰውን ያከብራልን?

የሰው ልጅ ለማረፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ መሬት ትበቃው ነበር፤ ጉቶና ድንጋይም አላጣም። ዳሩ ግን ወንበርን የሠራው ለወገቡ ዕረፍት ብቻ ሳይሆን ለማዕረጉም ምልክት እንዲሆነው ነው። ለዚህም የገዛ ቋንቋችን ምስክር ነው። የንጉሥን ዙፋን አልጋ፣ መንግሥቱን የሚወርሰውንም አልጋ ወራሽ ስንል ኖረናል። በቀድሞው የዳኝነት ሥርዓት ዳኛው ራሱ ወንበር ይባል ነበር። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤትም አንድ መምህር ጉባኤ ሲያቆም ወንበር ዘረጋ ይባላል፤ የዘረጋው ግን ዕውቀቱን ነው እንጂ እንጨት አይደለም፤ ሲያስተምርም የሚቀመጠው በቁርበት ላይ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ በአማርኛ ስለ ወንበር መናገር ስለ ሥልጣን፣ ስለ ፍርድና ስለ ትምህርት መናገር ስለ ሆነ፣ ወንበር ምን ዓይነት ይሁን ብሎ መጠየቅም የአናጢ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ይህንን ያነሣንበት ምክንያት አለን። እኛ በምንኖርበት በላምበረት፣ ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የእንጨት ሥራ ቤቶች ከደጃቸው የሚያቆሟቸው ወንበሮች አሉ። እግራቸው እንደ ፍየል እግር ጎበጥ ያለ፣ መደገፊያቸው እንደ እንቁላል የሞለለ ወይም በአበባና በሐረግ የተጠረበ፣ ልብሳቸው ቀይ ከፋይ፣ እንጨታቸው ከላይ እስከ ታች የወርቅ ቀለም የተቀባ ነው። ከመናኸሪያው የወጣ መንገደኛ ሻንጣውን እንደ ተሸከመ ቆም ብሎ ያያቸዋል። ሠርግ የደገሰ ለሙሽሮች ይከራያቸዋል፤ ገንዘብ ያለው ለእንግዳ መቀበያው ይገዛቸዋል፤ የሌለውም እቁብ ጠብቆ ወይም ተበድሮ ይገዛቸዋል።

ስለ እነዚህ ወንበሮች በሰፈራችን ሁለት ዓይነት ነገር ሲባል እንሰማለን። አንደኛው ወገን «ወርቅ ያልሆነውን ወርቅ ማስመሰል ሐሰት ነው፤ የባዕድ ንጉሥ የተቀመጠበትን መቅዳትም ውርደት ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ሰው ወጥቶ ወርዶ ባገኘው ገንዘብ ቤቱን ቢያስጌጥ ነውሩ ምንድን ነው? ወንበሩም የተቀመጠበትን ያስከብራል» ይላል። ሁለቱም አሳብ ሳይመረመር በጭፍን ሊጣል ወይም ሊያዝ የሚገባው ስላልሆነ፣ አንባብያን ከእኛ ጋር ጥቂት እንዲያስቡበት እንለምናለን።

በመጀመሪያ የወንበሩን የትውልድ ሐረግ እንመልከት። ይህ ዓይነት ወንበር የተወለደው በ18ኛው ክፍለ ዘመን በፈረንሳይ ነው። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ብንቈጥር፣ ባለ ጎባጣ እግሩ ከ1715 እስከ 1774 በነገሠው በሉዊ 15ኛ ዘመን የተስፋፋ ነው፤ እግሩ ቀጥ ብሎ እንደ ዐምድ ሸንተረር ያለበት ደግሞ ከእርሱ ቀጥሎ እስከ 1792 በነገሠው በሉዊ 16ኛ ዘመን የተወደደ ነው። ስለዚህ ወንበሮቹ እስከ ዛሬ ድረስ በነገሥታቱ ስም ይጠራሉ።

አንዱ ወንበር የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም። አናጢው እግሩንና መደገፊያውን ያጋጥማል፤ ጠራቢው አበባውን ይፈለፍላል፤ ልብስ ሰፊው መቀመጫውን ሞልቶ ያለብሳል። በመካከል ያለው የወርቅ ለባጩ ሥራ ግን ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነው። እርሱ አስቀድሞ ነጭ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ከቆዳ በተቀቀለ ሙጫ ለውሶ እንጨቱን ደጋግሞ ይቀባል፤ ሲደርቅም እያለሰለሰ በላዩ ቀይ የሸክላ አፈር ያለብሰዋል። ከዚህ በኋላ ሸክላውን በውሃ አርሶ የተቀጠቀጠውን ስስ ወርቅ ያለጥፍበታል፤ በመጨረሻም በለሰለሰ ድንጋይ እያሸ ያበራዋል። ወርቁ እጅግ ስስ ከመሆኑ የተነሣ፣ አንዱ ሚሊሜትር ለ10,000 ቢከፈል የአንዱን ድርሻ ያህል ውፍረት ብቻ ነው ያለው። ሥዕለ አድኅኖ በእንጨት ላይ ይሥሉ የነበሩት የእኛ የጥንት ሠዓልያንም ከቀለሙ በፊት እንጨቱን እንዲህ ባለ ነጭ ቅብ ያዘጋጁ ስለ ነበር፣ የሙያው መጀመሪያ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። በፓሪስ የአናጢዎቹ ማኅበር በ1743 በወጣው ደንብ ደግሞ፣ እያንዳንዱ ባለሙያ ስሙን በብረት ማኅተም በወንበሩ እንጨት ላይ እንዲያትም ግዴታ ገባ። ይህ ማኅተም የሚታየው ወንበሩ ሲገለበጥ ነው እንጂ ከፊት ለፊት አይደለም። ይህንን ነገር አንባቢ እንዲያስታውስልን እንፈልጋለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለውን እንናገር። በየሀገሩ ቤተ መንግሥትና ታላላቅ ሆቴል ውስጥ የምናያቸው፣ ጥንታዊ የሚባሉት ባለ ወርቅ ወንበሮች ብዙዎቹ ከእነዚያ ነገሥታት ዘመን የተረፉ አይደሉም። ከ1852 እስከ 1870 ፈረንሳይን በገዛው በናፖሌዎን 3ኛ ዘመን፣ ባለቤቱ እቴጌ ኡዤኒ የሉዊ 16ኛን ሚስት ማሪ አንቷኔትን እጅግ ታደንቅ ስለ ነበር፣ የፓሪስ ባለሙያዎች የቅድም አያቶቻቸውን ወንበር እንደ ገና መሥራት ያዙ። ወደ ሌላው ዓለም በብዛት የተሰራጨው ይህ ሁለተኛው ልደት ነው። እንግዲህ ፈረንሳውያን ራሳቸው የገዛ አባቶቻቸውን ቀድተዋል ማለት ነው። የላምበረት አናጢ ከቀጂ የቀዳ ሦስተኛ ቀጂ ነውና፣ ሁለተኛው ቀጂ ሳይነቀፍ ሦስተኛውን ብቻ መንቀፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። መቅዳት ነውር ቢሆን ኖሮ ዳዊት የሚገለብጥ ደብተራም ነውረኛ በሆነ ነበር።

በእኛ ሀገር ይህ ወንበር በይበልጥ የታወቀው ከቤተ መንግሥት አዳራሽ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ 25ኛ ዓመት ሲከበር፣ በ1948 ዓ.ም. የተመረቀው የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት፣ በኋላም ብሔራዊ ቤተ መንግሥት የተባለው፣ የውጭ ሀገር መሪዎች በወርቅ ቅብ ወንበር ላይ ሲቀመጡ በፎቶግራፍ ያየንበት ቤት ነው። ይህም ቤት በፈረንሳይ መንግሥት ርዳታ ከታደሰ በኋላ በታኅሣሥ ወር 2017 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት በተገኙበት ተመርቋል። ከዚህ ቤት ፎቶግራፍ ወደ ሠርግ አዳራሽ፣ ከሠርግ አዳራሽም ወደ ላምበረት ደጃፍ ያለው መንገድ ረጅም አይደለም። የትልቁን ቤት መልክ ለራሱ ቤት መመኘት ከሰው ባሕርይ ነውና።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንምጣ። የማይገባውን ብርሃን መልበስ ሐሰት ነውን?

አዎን የሚለው ወገን ጠንካራ ማስረጃ አለው። እኛ ኢትዮጵያውያን በቅኔያችን ሰምን ከላይ፣ ወርቅን ከውስጥ የምናደርግ ሕዝብ ነን። ሰሙን የሚሰማ ሁሉ ይሰማዋል፤ ወርቁን ግን የደከመበት ብቻ ያገኘዋል። ይህ ወንበር የቅኔን ሥርዓት ገልብጦ ወርቁን ከላይ፣ ሰሙን ከውስጥ አደረገ። ከላምበረት ወደ ሰሜን ቀና ብለን ብናይ ደግሞ በየካ ተራራ ላይ ዋሻ ሚካኤልን እናገኛለን። ያን ቤተ ክርስቲያን የፈለፈሉት አባቶች ዐምዱንም ግድግዳውንም ያወጡት ከአንድ ዐለት ነው። ላዩን ቢፍቁት የሚገኘው ያው ዐለት ነው፤ ምንም የለበጡት ነገር የለም። እንዲህ ያለውን ሥራ ያየ ሰው የተቀባ እንጨት ቢያሳፍረው አይፈረድበትም።

ነገር ግን ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ማስረጃም አለ። በኦሪት ዘፀአት እንደምናነበው፣ ታቦቱ የተሠራው ከማይነቅዝ እንጨት ሆኖ በውስጥም በውጭም በወርቅ እንዲለበጥ ታዝዟል። በመጽሐፈ ነገሥትም የሰሎሞን ዙፋን ከዝሆን ጥርስ ተሠርቶ በወርቅ እንደ ተለበጠ ተጽፏል። እንግዲህ ወርቅን በሌላ ነገር ላይ መለበጥ በራሱ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ለዚያ ቅዱስ ሥራ ባልታዘዘ ነበር። በጥበብ ቀሚስ ጠርዝ ላይ ያለው ጥለትም ነጩን ሸማ ያስጌጠዋል እንጂ ሸማነቱን አይክደውም። ጥለት ሐሰተኛ ነው ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማንም። ደግሞም ልብ እንበል፤ የታቦቱ ትእዛዝ ሁለት ነገር አለበት። እንጨቱ የማይነቅዝ ይሁን፤ ወርቁም ዐይን በማያየው በውስጡ በኩል ይግባ። ስለዚህ ጥያቄው «ተለብጧልን?» ሳይሆን «ከሥር ያለው ምንድን ነው? ስለ እርሱስ ምን ተባለለት?» መሆን አለበት።

ይህንን ለማስረዳት ከፓሪስ አንድ፣ ከሰፈራችንም አንድ ምሳሌ እናመጣለን።

በፓሪስ ስለ 18ኛው ክፍለ ዘመን ወንበሮች መጽሐፍ የጻፈ አንድ እጅግ የታወቀ ዐዋቂና አንድ ብልህ እንጨት ጠራቢ ተባብረው፣ የነገሥታቱ ናቸው የሚባሉ ወንበሮችን በድብቅ ሠሩ። ጠራቢው እንደ ጥንቱ ጠረበ፤ ወርቁም ልብሱም በባለሙያ እጅ እንደ ጥንቱ ተሠራ። ከማሪ አንቷኔት ቤት የወጡ ናቸው እየተባለ በብዙ ገንዘብ ተሸጡ፤ የነገሥታቱን ዕቃ ጠንቅቆ ማወቅ የሚገባው የቬርሳይ ቤተ መንግሥት እንኳ ሳይቀር ገዛቸው። ነገሩ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ተገለጠ፤ ሁለቱም ሥራቸውን አመኑ፤ በ2025 ፍርድ ቤት ጥፋተኞች ናችሁ አላቸው። የተጀመረው ማንም ያውቅብን እንደ ሆነ እንይ በሚል ጨዋታ እንደ ነበር ራሳቸው ተናግረዋል። አንባቢ ሆይ፣ በእነዚያ ወንበሮች ውስጥ እንጨቱ መልካም ነበር፤ ጥርበቱ የታላቅ ባለሙያ ነበር። የጎደለው አንድ ነገር፣ ቃል ብቻ ነበር።

በላምበረት ደግሞ አንድ አናጢ ከደጁ ካቆመው ባለ ወርቅ ወንበር ጎን ቆመን፣ ወርቅ ነው ወይ ብለን ብንጠይቀው ስቆ፣ «ጋሼ፣ ወርቅ ቢሆን ከዚህ ደጅ ይውል ነበር? ቀለም ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ሲቆይ መጥቈሩ አይቀርም። ውስጡም ባሕር ዛፍ ነው። መጋጠሚያውን ግን አይስጉ፤ ይቀመጡበትና ይነቅንቁት» አለን። እውነቱን ነው። ርካሹ የወርቅ ቀለም የመዳብና የዚንክ ብናኝ ስለ ሆነ አየርና የእጅ ላብ ሲያገኘው ይጠቍራል። ይህ ሰው ሐሰተኛውን ወርቅ በእውነተኛ ቃል ሸጠ፤ የፓሪሶቹ ጥሩውን ሙያ በሐሰተኛ ቃል ሸጡ። ሐሰት የምላስ እንጂ የቀለም ሥራ አለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል። የላምበረቱ አናጢ ስሙን በብረት ማኅተም ባያትምም፣ «ይነቅንቁት» ያለው ቃል ማኅተሙ ነው። ወንበሩን ገልብጦ ለማሳየት የማይፈራ ባለሙያ፣ ፊቱን ቢቀባ አያሳፍረውም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ወንበሩ የተቀመጠበትን ያከብራልን የሚለው ነው። ለዚህ መልሱን ታሪክ ይነግረናል።

ከላምበረት በላይ ወደ ምዕራብ በሚዘረጋው የእንጦጦ ተራራ ላይ የዳግማዊ ምኒልክ ቤት ዛሬም ይጎበኛል። በድንጋይ፣ በጭቃና በእንጨት የተሠራ፣ ኖራ የተቀባ ቤት ነው። ንጉሡ በዚያው ተራራ ላይ ባለችው በእንጦጦ ማርያም በ1882 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ፣ ዘውዱን ያከበረው የግድግዳው ወርቅ አልነበረም። በአንጻሩ የኢዮቤልዩን ቤተ መንግሥት ስናይ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን በወረዱ ጊዜ በዚያ ሁሉ ጌጥ መካከል አልፈው ወጥተው በአንዲት ትንሽ ቮልስዋገን ተወሰዱ። ከወንበሮቹ አንዱም ተነሥቶ አልተከተላቸውም። በፈረንሳይም እንዲሁ ሆኗል። ሉዊ 16ኛ ከተገደለ በኋላ የቬርሳይ ዕቃ ከነሐሴ 1793 ጀምሮ አንድ ዓመት ያህል በጨረታ ሲሸጥ፣ ከ17,000 በላይ ምድብ ሆኖ ተቈጥሯል። ወንበሩ ለአዲስ ባለቤት ይገዛል፤ ለቀድሞው ጌታው አያለቅስም።

ይህንን ያልነው በወደቁት ላይ ለመዘበት አይደለም። ወንበር ክብርን የሚያመነጭ ሳይሆን ያለውን ክብር ለጊዜው የሚያሳይ መሆኑን ለማመልከት ነው። ዳኛው ወንበር የተባለው ፍርዱ የቀና ይሆናል ተብሎ ነው፤ ፍርዱ ሲጣመም ወንበሩ እንጨት ብቻ ይሆናል።

ከዚህ ላይ ነው እንግዲህ ነገሩ ወደ ራሳችን ቤት የሚገባው። እንደ እኛ አሳብ ወንበር ሰውን የሚያዋርድበት ጊዜ አለ፤ ይኸውም ሰው ለወንበሩ ማገልገል ሲጀምር ነው። ባለ ወርቅ ወንበሮች ተገዝተው ላስቲካቸው ሳይገፈፍ ዓመት የሞላቸውን ቤቶች እናውቃለን። ልጆች እንዳይነኳቸው ይቈጣሉ፤ አባወራው በፕላስቲክ ወንበር፣ አሮጊት እናትም በዱካ ላይ ይቀመጣሉ፤ ወንበሮቹ ግን የማይመጣውን ታላቅ እንግዳ ይጠብቃሉ። በወር ደመወዝ የሚተዳደር ቤት ለአንድ ቀን ሠርግ ጌጥ የተበደረውን ሙሽሮቹ ልጅ እስኪወልዱ ድረስ ሲከፍል እናያለን። በዚህ ጊዜ ወንበሩ ጌታ፣ ሰው ሎሌ ሆነ ማለት ነው። ጥፋቱ ግን የአናጢው አይደለም፤ እርሱ ለመቀመጫ የሠራውን እኛ ለስግደት አቆምነው።

በየመሥሪያ ቤቱ ያለነው የመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ ከዚህ የሚብስ ፈተና አለብን። በቤቱ የተሳሳተ ሰው የሚከፍለው ከኪሱ ነው፤ የቢሮ ወንበር ግን የሚከፈለው ከሕዝብ ገንዘብ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ክፉ ተረት እስከ ዛሬ በአንዳንዶች ልብ አለ፤ እንዲህ የሚያስብ ሰው ሲሾም አስቀድሞ የሚለውጠው ወንበሩን ነው። እኛ ግን የአንድ መሥሪያ ቤት ክብር የሚለካው በሹሙ ወንበር መደገፊያ ቁመት ነው ብለን አናምንም። ከበሩ ውጭ ባለጉዳዩ የሚቀመጥበትን አግዳሚ ይዩልን። እርጉዟ ሴትና ከገጠር የመጣው ሽማግሌ ቆመው የሚውሉ ከሆነ፣ ከውስጥ ያለው ወንበር በእውነተኛ ወርቅ ቢለበጥ እንኳ ከላምበረቱ የወርቅ ቀለም ይልቅ ፈጥኖ ይጠቍራል። መምህራንም ይህንን ለተማሪዎቻቸው ቢነግሩ እንወዳለን፤ የነገዎቹ ሹማምንት ዛሬ በእነርሱ ፊት በእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋልና።

ታዲያ ወንበር ከቶ ክብር የለውምን? አለው። አባቶቻችን ይህንን ከማንም ይልቅ ዐውቀውታል። ሰው ከተቀመጡበት ቤት ሲገባ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ኖር!» ይላሉ፤ የገባውም «በእግዜር!» ብሎ ይመልሳል። ሽማግሌ ከመጣ ወጣቱ ወንበሩን ይለቅለታል፤ እንግዳ ከመጣም ባለቤቱ የተሻለውን መቀመጫ ለእርሱ ሰጥቶ ራሱ በመደብ ላይ ይቀመጣል። በእኛ ሥርዓት ወንበር ሰውን የሚያስከብረው ሲይዙት ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ሲለቁት ነው። የሚነሡበት ወንበር በርጩማ ይሁን ወይም የሉዊ 15ኛ፣ ለመነሣቱ ልዩነት አያመጣም።

ስለዚህ አሳባችንን በአጭሩ እንደሚከተለው እናቀርባለን። ባለ ወርቁን ወንበር የወደደ ሰው ያለ ዕዳ የሚገዛው ከሆነ ይግዛው፤ አናጢውም ልጆቹን ያሳድግበት። ገዢው ግን ከመክፈሉ በፊት ወንበሩን ገልብጦ እንጨቱንና መጋጠሚያውን ይመልከት፤ ሻጩም የሆነውን ነው፣ ያልሆነውን አይደለም ይበል። ወንበሩ ቤት በገባ ዕለት ላስቲኩ ይገፈፍ፤ አስቀድማም እናት ትቀመጥበት። በመሥሪያ ቤትም የምንቀመጥ ሁላችን፣ በመንግሥት ገንዘብ ለራሳችን ወንበር ከማዘዛችን በፊት በደጃችን ስንት ሰው እንደ ቆመ ወጥተን እንቍጠር፤ ከዚያ በኋላ የሚታዘዘው ምን እንደ ሆነ ቍጥሩ ራሱ ይነግረናል።